ቀበቶ ከውሃው አልወጣ ሲል

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ካልተናገርኩት ልፈነዳ ነው። አንድ ልጅ እወዳለሁ። ወይኔ ጉዴ፣ ጻፍኩት! ያገናኘን ደግሞ እባብ ነው። እባብ ስላችሁ ከወንበር እንዳትነሱ፤ መርዝ የለውም፣ ሰው ነክሶ አያውቅም፣ ስሙ ቀበቶ ነው፣ የወንድሜ ነው።

ጋሼ ነው የምለው፣ ታላቄ ስለሆነ። መርከብ ላይ መካኒክ ነው፤ አንዴ ከሄደ ሰባት ወር ነው። ቀበቶን ያመጣው አባታችን የሞተ ዓመት ነው፣ ያኔ እርሳስ ቢያክል ነው። ያን ዓመት ጋሼ ከኛ ጋር አንድ ቃል አይነጋገርም ነበር፤ ከሥራ ሲገባ ግን በሩን ዘግቶ ከቀበቶ ጋር ሲያወራ እሰማዋለሁ። አሁን ቀበቶ የኔን ክንድ ሁለት እጥፍ ይረዝማል። ጋሼ ሊሄድ ሲል ሻንጣውን አስቀምጦ፣ «እሱን ጠብቂልኝ፤ አደራ» አለኝ። ጋሼ ደግሞ በሆነ ባልሆነው አደራ የሚል ሰው አይደለም።

እናቴማ በመስታወት ሳጥኑ በኩል ስታልፍ ጀርባዋን ግድግዳ ላይ ለጥፋ ነው። ስሙንም አትጠራም። «ያ ነገር በላ?» «ያ ነገር ክዳኑ ተዘግቷል?» ብቻ ነው። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ የስልክ ቻርጀር ወድቆ አይታ የጮኸችው ጩኸት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰምቷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ለሷ ነው።

እና አንድ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስገባ ቀበቶ ውሃ መጠጫው ውስጥ ነው። ሁለመናው! ተጠቅልሎ፣ ተጣጥፎ፣ እንደ ካልሲ ተዘፍዝፎ፣ አፍንጫው ብቻ ብቅ ብላለች። አሪፍ ነው፣ ገላውን እየታጠበ ነው ብዬ ሳቅኩ። ማክሰኞም እዛው። ሮብ ጠዋትም እዛው። አይጡን ሰጠሁት፣ አላየውም። ያኔ ሳቄ አለቀ። ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሁለት ፌርማታ ላይ ያለው የእንስሳት ሱቅ ገባሁ።

ከባንኮኒው ኋላ አንድ ረጅም ልጅ ቆሟል። ግራጫ ሹራብ ለብሷል፤ ሹራቡ ደግሞ ደረቱ ላይ ይንቀሳቀሳል። ማርያምን! እባብ አንገትጌው ላይ ብቅ አለ።

«እባቤ እየዋኘ ነው!» አልኩት፣ ሰላም ሳልለው።

«እየዋኘ ነው ወይስ ተቀምጧል?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«የዋኘ ይወጣል።»

ቀና ብሎ አየኝ። እኔ... እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ሰው ሲያያችሁ ዓይኑ እናንተ ላይ አርፎ የሚቀርበት አለ አይደል? እንደዛ። ስሜን ቢጠይቀኝ አላስታውሰውም ነበር።

«ሙቀቱ ስንት ነው?» አለኝ።

«ሞቅ ያለ ነው። እንዳይበርደው ብዬ የማሞቂያ መብራቱን ወደሱ ዝቅ አድርጌለታለሁ።»

«በዲግሪ?»

«በዲግሪ... ሞቅ ያለ።»

ሳቀ። ሲስቅ ጆሮው ይቀላል! ከዛ እባቡን ከሹራቡ እያወጣ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። «እባብ ዝም ብሎ ውሃ ውስጥ አይቀመጥም። ወይ ሞቆታል፣ ወይ ቆዳውን ሊጥል ነው፣ ወይ ሆዱ ደርቋል፣ ወይ ፈርቶ መደበቂያ አጥቷል፣ ወይ ቅንቅን ይዞታል። አፍ የለውም፤ በውሃ ነው የሚነግርሽ።»

በውሃ ነው የሚነግርሽ! ይሄን የሚል ልጅ እንዴት አይወደድም? ንገሩኝ እስቲ።

ሮብ ከሰዓት ሱቃቸው ዝግ ነው፤ ሱቁ የአጎቱ ነው፣ እሱም ከኋላ ባለችው ክፍል ነው የሚኖረው። ትምህርቱን አምና ነው የጨረሰው። «መጥቼ ልየው?» አለኝ። እናቴ እኮ ቤታችን ወንድ ልጅ ሊገባ ነው ስትባል ጥያቄዋ እንደ ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ የመጨረሻ ዓመቴ ስለሆነ ስልኬን ሳይቀር ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ግን ለቀበቶ የመጣ ስላት ፊቷ በራ። ያን ነገር የሚነካ ሰው ተገኘ!

ገብቶ መጀመሪያ ያደረገው ነገር እጁን መታጠብ ነው። እስከ ክርኑ፣ በሳሙና፣ ሁለት ጊዜ። «ከሌሎቹ እንስሳት በሽታ እንዳላመጣበት» አለ። እናቴ በዓይኗ «ጨዋ ልጅ» አለችኝ። ከዛ ቀበቶን ከውሃው አውጥቶ፣ በፎጣ አድርቆ፣ ሹራቡ ውስጥ ከተተው። ሱቅ ውስጥ እንደዛ ነው የሚይዟቸው፤ የሰው ሙቀት ያረጋጋቸዋል ይላል። እናቴ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና፣ «አንተ ልጅ፣ እናትህ እንዲህ ስታደርግ ታውቃለች?» አለችው።

«አዎ እትዬ። እሷም ካወቀች ወዲህ አታቅፈኝም።»

እናቴ በሳቅ ፈረሰች! እናቴ! አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዛ ስትስቅ አላየሁም።

ቴርሞሜትር አስገባ፤ ሠላሳ ስድስት። «አንጀትሽ ርኅሩኅ ነው፣ ግን እየቀቀልሽው ነው» አለኝ። መብራቱን ሰቅለን ሠላሳ አንድ ላይ አደረስነው። መስታወቱ ላይ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ቁጥሩ ሲወርድ ስንጠብቅ ፊታችን አንድ ላይ መስታወቱ ውስጥ ታየኝ። እሱም አየ። ማናችንም ቴርሞሜትሩን አላነበብንም።

«ሌላ ጊዜ ሲዘፈዘፍ፣ ውሃው ውስጥ ጥቋቁር ነጥብ ካየሽ ያንኑ ቀን ንገሪኝ» አለኝ ሲወጣ። «ቅንቅን ማለት ነው። ደሙን ነው የሚመጥጠው። ከባድ ነው።»

በነጋታው ቀበቶ ከውሃው ወጣ። ግንዱ ላይ ተጠቅልሎ ተገኘ።

ደስ ሊለኝ ይገባል አይደል? እኔ ግን አለቀስኩ። ምክንያቱም እናቴ፣ ልጁ በሁለተኛው ሮብ «ለማረጋገጥ ነው» ብሎ መጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ሲወጣ፣ ስኒውን እያነሳች ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«በሽተኛ ካለ ሐኪም ነው፣ ይምጣ። በሽተኛ ከሌለ ግን ጎረምሳ ነው።»

«እማዬ፣ ምን አደረገ?»

«ምንም አላደረገም። እኔ ግን ዓይን አለኝ። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ። ፈተናሽ ደርሷል፣ ከፈተና በኋላ አክስትሽ ጋ ነሽ፤ አርፈሽ ተማሪ።»

አክስቴ ጋ ማለት ሌላ ከተማ ነው፣ ለአራት ዓመት። የተቆረጠው አባቴ በሕይወት እያለ ነው፣ አይነካም። ካላንደሩ ላይ ቆጠርኩ፤ እስከምሄድ ዘጠኝ ሮብ። ዘጠኝ ሮብ ደግሞ ለጤነኛ እባብ የሚመጣ ሐኪም የለም።

እና በሦስተኛው ሳምንት ቀበቶ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ገባ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ዘለልኩ። በደስታ! «እማዬ፣ ቀበቶ ታሟል፣ ሐኪሙን ጥሪው!» አልኳት፤ ድምፄ ሰርግ የምጠራ ነበር የሚመስለው።

መጣ። ታጠበ። ሹራቡ ውስጥ ከተተው። ግራ ተጋባ። «ሙቀቱ ልክ ነው፣ ዓይኑ አልደፈረሰም፣ ስለዚህ ቆዳ ሊጥል አይደለም። ሆዱም ለስላሳ ነው» እያለ ግንባሩን አከከ። ግራ ሲጋባ እንዴት እንደሚያምር! እኔ ጎኑ ተቀምጬ መዳፌን ዘርግቼ የቀበቶን ጅራት ያዝኩ፣ እሱ አናቱ ጋ ያዘው፤ መሃላችን ያለው እባብ ነበር፣ እጅ ለእጅ የተያያዝን ያህል ግን ሞቀኝ።

«ስገባ ዘጠኝ ብለሽኝ ነበር አይደል፣ ሮብ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አሁን ስምንት ቀረ።»

እሱም እየቆጠረ ነው! በቁሜ ሞትኩላችሁ።

አሁን የማልወደውን ክፍል ልንገራችሁ። ዝለዪው ዝለዪው እያለኝ ነው ልቤ፣ ግን አልዘልም።

በማግስቱ የቀበቶን ውሃ ልቀይር ሳነሳ ነጭ ሳህኑ ሥር ጥቋቁር ነጥብ አለ። ከሰናፍጭ ያነሰ። አንዱ ይንቀሳቀሳል። እስቲ ልንገረው ብዬ ጫማዬን አጠለቅኩ። ከዛ ግን ቆም አልኩ። ከየት መጣ? ቀበቶ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ሌላ እባብ አልነካውም። የምሰጠው አይጥ የሚገዛው በረዶ ሆኖ ነው፣ ተባይ አይኖርበትም። ልጁ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል...

ሹራቡ። ሌሎቹን እባቦች ሁሉ የሚያቅፍበት ሹራብ።

ልጁ ነው ያመጣበት። በሚያሞቅበት ሹራብ። እና ብነግረው ያን ቀን ከቤታችን ደጅ እንደሚጠፋ አውቀዋለሁ፤ ሱቃቸው በር ላይ ራሱ በትልቁ የጻፈው ማስታወቂያ አለ፤ ቅንቅን ካለበት ቦታ የመጣ ሰው ስድስት ሳምንት ሌላ እባብ ጋ እንዳይጠጋ ይላል። ሹራብ ቢቀይር ዋጋ የለውም፤ የሚተኛው ሱቁ ውስጥ ነው፣ ፀጉሩም፣ ካልሲውም ከዛው ነው።

ጫማዬን አወለቅኩ።

በቃ። ዝም አልኩ። በሚቀጥለው ሮብ ሳይመጣ በፊት ውሃውን ቀየርኩ፣ ሳህኑን ፈተግኩ፣ ቀበቶን በእርጥብ ጨርቅ ከአናት እስከ ጅራት ጠረግኩት፣ እንደ ሙሽራ። ቀበቶ አሁንም ውሃው ውስጥ ስለሆነ ልጁ ተጠራ፤ መጥቶም ምንም አላገኘም። ቀጥሎ ባለውም ሮብ እንደዛ። ሻይ ጠጣን። ስለ ባሕር ኤሊ አወራልኝ፤ የተወለደችበትን ዳርቻ አትረሳም አለኝ። ትምህርት ቤት ስለምትጠላኝ መምህርት አወራሁለት፤ አካሄዷን ሳስመስልለት ሻይ ትን አለው። የሕይወቴ ሁለት ምርጥ ቀናት ናቸው፣ እምላለሁ። ሁለቱንም ሰርቄያቸዋለሁ።

ሐሙስ ዕለት ቀበቶን ሳነሳው አልተጠቀለለብኝም። ሁሌ እጄን ይይዘኝ ነበር፣ ጠበቅ አድርጎ። አሁን እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠለጠለ። አፉን ከፈት አድርጌ አየሁት፣ ውስጡ ደም እንዳጣ ነጣ ብሏል። ያኔ ጋሼ በሩን ዘግቶ ሲያወራ፣ ያን ዓመት፣ ድምፁ ጆሮዬ ላይ መጣ። እኔ ምን ዓይነት እህት ነኝ?

ሮጥኩ። አውቶቡስ እንኳን አልጠበቅኩም። ሱቁ ስገባ ልጁ ለአንድ ሴትዮ የወፍ እህል እየመዘነ ነው። ሴትዮዋ እስክትወጣ ቆሜ ጠበቅኩ።

«ቅንቅን ነው» አልኩት።

«መቼ አየሽ?»

«ያለፈው ሳምንት... አይ። ከዛ በፊት ያለው ሐሙስ።»

እሱም እንደኔ ማሰብ ጀመረ፤ ፊቱ ላይ ተራ በተራ ሲያልፍ አየሁት። ዓይኑ ወደ ሹራቡ ወረደ። አወለቀው። ገልብጦ መስኮቱ ጋ ወስዶ በአጉሊ መነጽር ስፌቱን አየው። ረጅም ጊዜ አየው።

«ባለፈው ወር አጎቴ አዲስ እባቦች አስመጥቶ ነበር» አለ። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የወሰድኩበት።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂ ነበር?» ዞር አለ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

እንዲጮህብኝ ፈልጌ ነበር። አልጮኸም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበር!

«ሮቦቹ እያለቁብኝ ነበር» አልኩት።

የወፎቹ ጫጫታ ሁሉ ጠፋብኝ። ጆሮው ቀስ ብሎ ቀላ፣ ከዛ ዓይኑም።

«ሐኪም ብሆን ኖሮ» አለኝ፣ «ዓይኔ እባቡ ላይ ይሆን ነበር። ሁለት ሮብ ሙሉ እጄ ላይ ይዤው አላየሁትም። ምን እያየሁ እንደነበር ታውቂያለሽ።» ሹራቡን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትቶ አፉን ሁለት ጊዜ ቋጠረው። «ሁለተኛው ሮብ ደግሞ መምጣት አያስፈልገኝም ነበር። ሙቀቱ ያኔ ተስተካክሎ ነበር።»

የፍቅር ቃል ይሄ ነው። ሌላ አልነገረኝም፣ እኔም ሌላ አልነገርኩትም። የእባብ መድኃኒት ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ ራቅ አለ፣ እጄን እንዳይነካው።

ከዛ በኋላ ትእዛዙ የሚመጣው በእናቴ ስልክ ነው። እንዲህ ነበር፤ እናቴ ወጥ ቤት ሆና፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ፣ እየጮኸች፦

«የሳጥኑን አፈር በሙሉ ጣዪ ይላል! ወረቀት አንጥፊ! ግንዱን በፈላ ውሃ ታጠቢ! ምን? እሺ ልጄ... ያን ነገር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት፣ አናቱን ብቻ አውጥተሽ! ቅንቅኑ ይሰምጣል! ኧረ አምላኬ፣ ምን በደልኩ!» ከዛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተስ ደህና ነህ ልጄ? ምነው ጠፋህ?»

ምን እንዳላት አላውቅም። ስልኩን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ጥሩ ልጅ ነው» አለች። «ያሳዝናል።» ያን ለት ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዋን ከግድግዳው አላቅቃ ሳጥኑን ጎንበስ ብላ አየችው።

ቀበቶ ቀስ በቀስ ተነሳ። በሁለተኛው ሳምንት እጄን ያዘኝ። በሦስተኛው አይጡን ዋጠ። በአራተኛው ቆዳውን ጣለ፣ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ሳይቀደድ፤ ሥሩ ያለው አዲሱ እንደተወለወለ ጫማ ያበራል። ጋሼ ከመርከብ ደውሎ «ልጄ እንዴት ነው?» ሲለኝ፣ «ቆንጆ ነው ጋሼ» አልኩት፣ እውነት ስለሆነም አለቀስኩ። በናፍቆት መሰለው።

ስድስቱ ሮብ እንዲህ አለቁ። ትናንት የመጨረሻው ነበር። ቅዳሜ እሄዳለሁ።

ትናንት ከሰዓት ሻንጣ እያዘጋጀሁ በረንዳ ላይ ወጣሁ፤ ቤታችን አንደኛ ፎቅ ነው። ልጁ ከመንገዱ ማዶ መብራት ምሰሶው ጋ ቆሟል። ሹራብም አልለበሰም፤ ከማን እንደተዋሰው የማላውቀው ሰፊ ሸሚዝ ነው፣ ትከሻው ክርኑ ጋ ደርሷል። ወርጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ልሻገር ስል እጁን አነሳ።

«እዛው ሁኚ!» አለ። «ሱቁ ገና አልጸዳም። አርባ እባብ ነው።»

ስለዚህ መንገዱን መሃላችን አድርገን አወራን። መኪና ሲያልፍ ዝም እንላለን፣ ካለፈ እንቀጥላለን። አንዲት ሴትዮ ዘምቢል ይዛ መሃላችን አለፈች፣ እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ፈገግ ብላ ሄደች።

«አስቤበት ነበር» አለኝ። «ሱቁን ልተወው። ሌላ ሥራ እይዛለሁ። ልብሴን ሁሉ አቃጥላለሁ። ስትመለሺ፣ ለዕረፍት፣ መምጣት እችላለሁ።»

እንስሳቱን እንዴት እንደሚወድ አይቻለሁ። «ልተወው» ሲል ድምፁ እንዴት እንደሆነም ሰማሁ።

«ከተውከው» አልኩት፣ «ምን ሆነህ ትመጣለህ?»

የሰፊውን ሸሚዝ እጅጌ ሳበ። እናቴ የምታውቀው ሐኪሙን ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ያ ሱቅ ነው፤ ሱቁ ደግሞ ቅንቅኑ ነው። በየት ብዞር እዛው ነው የሚያመጣኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ዞሬዋለሁ፣ በር የላትም።

ሁለት መኪና አለፈ። ሦስተኛው አውቶቡስ ነበር። አውቶቡሱ ሲያልፍ ሄዷል ብዬ ደነገጥኩ፤ አልሄደም።

«ሙቀቱ ስንት ነው?» አለኝ።

«ሠላሳ አንድ።»

«ውሃ ውስጥ ይገባል?»

«ሊጠጣ ብቻ። ጠጥቶ ይወጣል።»

«ጎሽ» አለ። ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ነቀነቀ። «ጎሽ።» ከዛ የተዋሰውን እጅጌ ጠቅልሎ ወደ ፌርማታው ሄደ፤ እኔም እስከ መታጠፊያው በዓይኔ ሸኘሁት፤ አንድ ጊዜ እንኳን አልዞረም፤ ቢዞር እንደምሻገር ያውቃል።

ከላይ መስኮቱ ተከፈተ።

«ማነው እሱ?» አለች እናቴ።

«የእባቡ ሐኪም ነው እማዬ።»

«ምነው፣ እባቡ ታመመ እንዴ?» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ምን እንደነበር ልንገራችሁ? ተስፋ ነበር። የናቴ! አዎ ብላት ልትጠራው ነው፣ በመስኮቱ ወጥታ ልትጠራው ነው፣ ገና መታጠፊያው ጋ ነው።

ጋሼ ትዝ አለኝ። እጄ ላይ እንደ እርጥብ ፎጣ የተንጠለጠለው ቀበቶ ትዝ አለኝ።

«አይ እማዬ» አልኳት፣ «ድኗል።»